ዘግይቶ የሚበቅል አበባ በአምቦ

ከሁለት ዓመት በፊት ሐምሌ 12 ቀን፣ አምቦ ላይ ዝናቡ ጧት ጀምሮ እስከ ማታ በማያባራበት ሰሞን፣ በመኖሪያ ቤታችን መስኮት ሥር ባኖርናት አንዲት የእንጨት ሣጥን ውስጥ የአበባ ዘር ዘራን። ዘሩን ያገኘነው ለዕረፍት ከውጭ አገር ከመጣ ዘመዳችን ነው። አበባው ሊዚያንተስ ይባላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ጽጌረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን እሾህ የለውም፤ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ከገባም በኋላ ከአሥር ቀን በላይ ሳይጠወልግ ይቆያል። ታናሽ እኅታችን በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ስለ ነበረ፣ «ለሠርግሽ የሚያስፈልገውን አበባ በሙሉ ከግቢያችን ቆርጠን እናመጣለን፤ የፕላስቲክ አበባ እንዳትከራዪ» ብለን ቃል ሰጠናት። ቃሉ የተሰጠው ዘመድ በተሰበሰበበት ነበርና መመለሻ አልነበረውም።

አንባቢያችን እንደሚያውቀው የአገራችን ተማሪ ስለ ዘር አበቃቀል የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ከባቄላ ነው። ባቄላው በእርጥብ ጥጥ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይሞላው ያብጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ሥር ይሰዳል፤ መምህሩም አይተው ማርክ ይሰጣሉ። እኛም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዘር ሁሉ ባቄላ ይመስለን ነበር። ስለዚህ የሊዚያንተሱን ዘር አንድ ጣት በሚያህል አፈር ቀበርነው፤ በማንቆርቆሪያ ከላይ አንቆረቆርንበት፤ ጧት አጠጣን፤ ከሥራ ስንመለስም ደግመን አጠጣን። በአሥረኛው ቀን የሚታየው አፈር ብቻ ነው። በአሥራ አምስተኛውም ቀን አፈር ብቻ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ትዕግሥታችን አለቀና በክብሪት እንጨት ጫር ጫር አድርገን ፈለግነው፤ ያገኘነው ነገር ግን የለም። በሣጥኒቱ ጠርዝ፣ ውሃው አፈሩን አጥቦ በወሰደበት በኩል ብቻ፣ ቅጠላቸው ከመርፌ ጫፍ እምብዛም የማይበልጥ ስድስት ቡቃያዎች ብቅ ብለው ነበርና በእነርሱ ተጽናናን። ነሐሴ 6 ቀን ጧት ስድስቱም አንገታቸው በአፈሩ ልክ ቀጥኖ ተጋድመው ተገኙ።

በሁሉቃ ወንዝ ዳር የባሕር ዛፍ፣ የሽንኩርትና የበርበሬ ችግኝ እያፈሉ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት በጎረቤታችን አሉ። ጉዳታችንን ሰምተው መጡ፤ አልሳቁብንም። ሣጥኒቱን አንሥተው ከሥሯ ተመለከቱ፤ ውሃ የምታስወጣበት ቀዳዳ የላትም። አፈሩን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት። ከዚያ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጤፍ ሲዘራ ይቀበራል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ጤፍ ዘርተን የማናውቅ መሆናችንን ብንነግራቸው፣ «ሲዘራስ አላየህም?» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ በዓመት በዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስንመላለስ በመኪናው መስኮት ስናየው የኖርነው ነገር ነውና።

እውነትም ከጊንጪ እስከ ጉደር ያለው ገበሬ ጤፉን የሚዘራው እኛ ሣጥናችንን ባበላሸንበት በዚያው ወራት ነው። ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ ያለሰልሳል፤ ከብቶቹን አስገብቶ ያስረግጠዋል፤ ዘሩንም በተረገጠው መሬት ላይ በእጁ ይበትናል። ከዚያ በኋላ ወይ ጭራሽ አይሸፍነውም፤ ወይም ቅጠል ያለው የዛፍ ዝንጣፊ ሳብ ሳብ አድርጎበት ይተወዋል። የሚያስረግጥበት ምክንያት ልል አፈር ደቃቋን ዘር ወደ ጥልቁ እንዳይውጣት፣ እርጥበቱም ከላይኛው ገጽ እንዳይሸሽ ብሎ ነው። በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ ይገኛል። በአንድ ግራም የሊዚያንተስ ዘር ውስጥ ግን የሚገኘው 20,000 ያህል ነው፤ ይኸውም እያንዳንዷ ዘር ከጤፍ ፍሬ ስድስትና ሰባት ጊዜ የቀለለች ናት ማለት ነው። እኛን ያሳሳተን ደግሞ ዘር ሻጮቹ ዘሩ በእጅ እንዲያዝ ብለው በሸክላ ዱቄት ጠቅልለው እንደ ክኒን ክብ አድርገው መሸጣቸው ነው። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ነገር በመዳፋችን ላይ አይተን የሰናፍጭ ያህል ቀበርነው፤ በመካከሉ ያለችው ግን ከትቢያ የማትሻል ነበረች።

ባቄላ ስንቁን ይዞ የሚወጣ መንገደኛ ነው። በሁለቱ ክኮቹ ውስጥ ያለው ምግብ ከጥልቅ አፈር ወጥቶ ፀሓይ እስኪያይ ድረስ ይበቃዋል። ሊዚያንተስ፣ ስናፕድራገን እና እነርሱን የመሳሰሉት ደቃቅ ዘሮች ግን ስንቅ የላቸውም፤ በነቁ በጥቂት ቀን ውስጥ የራሳቸውን ምግብ በቅጠላቸው ማዘጋጀት አለባቸው። ስለዚህ ተፈጥሮ ብርሃን ካላዩ እንዳይነቁ አድርጋቸዋለች። የቀበራቸው ሰው ገና ሌሊት ነው እንዳላቸው ይቆጠራል።

እኒህ እናት በዚያው ቀን ያሳዩንን፣ በፓኬቱም ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ሳናነበው የጣልነውን አሠራር አሁን እንገልጻለን።

አፈሩ ሦስት ነገር ነው፤ የበሰበሰ የጓሮ ብስባሽ፣ ከወንዝ ወጥቶ የታጠበ አሸዋ እና ጥቂት ቀይ አፈር። ይህ ሁሉ በወንፊት ይነፋል። ከተነፋም በኋላ እርጥብ አድርጎ በድስት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ማፍላት ያስፈልጋል፤ የእኛን ስድስት ቡቃያዎች አንገታቸውን ቆርጦ የጣላቸው በአፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነውና፣ በእንፋሎቱ ይሞታል። (ጎረቤታችን ለባሕር ዛፉ ይህን አያደርጉም፤ ለአበባው ግን ይሁን ብለው ፈቀዱልን።) የቀዘቀዘው አፈር ሥሯ በተበሳሳ ሣጥን ውስጥ ይሞላል፤ ከላይም በጣውላ ቁራጭ ደልደል ተደርጎ ይጫናል። የጣውላው ሥራ በጤፍ ማሳ ላይ ከብቶቹ የሚሠሩት ሥራ ነው። ዘሩም በእርጥቡ አፈር ላይ አንድ በአንድ ይቀመጣል፤ ምንም ነገር አይደረብበትም።

ውሃው ከላይ አይፈስም። ሣጥኑን ጥቂት ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ አፈሩ ከሥር ወደ ላይ ይጠጣል፤ ፊቱ ሲረጥብ አውጥቶ ማንጠፍጠፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ በነጭ ስስ ላስቲክ ሸፍኖ ብርሃን ባለበት፣ ግን ፀሓይ በቀጥታ በማያገኘው ሥፍራ ማኖር ነው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማዋል። በዚህ ሁኔታ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ቡቃያው እንደ ታየም ላስቲኩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገለጥ እያደረጉ ነፋስ ማስለመድ ያሻል፤ ሁልጊዜ እንደ ታፈነ ከቀረ ያ የነገርናችሁ ሻጋታ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ውሃ ካነሣን አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። አምቦ ስሟ በጠበል ውሃዋ የታወቀ በመሆኑ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ቡቃያው ቶሎ እንዲፋፋ የአምቦ ውሃ ብናጠጣው ምን ይመስላችኋል ሲል መክሮን ነበር። የማዕድን ውሃው ለሰው ሆድ የሚስማማበት ምክንያት ለቡቃያ የማይስማማበት ምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥሩ ብረትን እንዳያገኝ ስለሚከለክለው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ለአበባው የሚያስፈልገው የክረምት ዝናብ ውሃ ነው። የአምቦ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ቂጡን ቆርጦ በችግኝ ላይ እንደ ቆብ ለመድፋት እጅግ ጥሩ ነው።

ዘሩ ከበቀለ በኋላ የሚመጣው ነገር ከመብቀሉ ይልቅ ያስጨንቃል። አንድ ወር ሙሉ ያችው ሁለት ቅጠል ናት። በሁለተኛው ወር አራት ትሆናለች። ሰው ሁሉ ሞተ ይላል። የሚያዩት መንገደኞች ምክር ይሰጣሉ፤ አንዱ ማዳበሪያ ጨምርበት፣ ሁለተኛው ፀሓይ አውጣው፣ ሦስተኛው ነቅለህ ሌላ ዝራ ይላል። በእርግጥ ግን ቡቃያው በዚህ ጊዜ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ቅጠሉ ከሚያሳየው በብዙ የሚበልጥ ሥር ወደ ታች እየሰደደ ነው። እንግዲህ ወደ መደብ ለመዛወር የሚደርሰው ሦስትና አራት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ነው፤ ይህም ከተዘራ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከተዘራበት እስከሚያብብበት ያለው ዘመን ሲደመር አምስትና ስድስት ወር ይሆናል። በሐምሌ የዘራ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አበባውን ሳያይ በኅዳር የዝውውር ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑን ለጎረቤት አደራ መስጠትን ከወዲሁ ማሰብ ክፉ አይደለም።

እኛ ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ከፓኬቱ የቀረንን 60 ዘር ነሐሴ 12 ቀን ዘራን። ለሠርጉ የቀረው ጊዜ አምስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ቆጠርነው፤ አይደርስም። ደግመን ቆጠርነው። ለእኅታችን ግን አልነገርናትም።

አሁን ወደ አየሩ ነገር እንመለስ፤ በዚህ አበባ ረገድ ዋናው ቁም ነገር እርሱ ነውና። የሊዚያንተስ ትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከአሜሪካ ሜዳዎች እስከ ሜክሲኮ ድረስ በዱር ይበቅላል። ከዚያ ወስደው አሁን ባለው መልኩ ያረቡት ጃፓኖች ሲሆኑ፣ ሥራው ብዙ አሥር ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ይህ ተክል ቡቃያ ሳለ ሙቀት አይወድም። ገና በሣጥን ውስጥ እያለ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ በላይ እየሆነ ከሰነበተበት ግንድ ማውጣቱን ይተውና እንደ ጎመን መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ወራት ቢጠብቁትም አያብብም፤ ወይም በጣም ዘግይቶ ያብባል። በብዙ አገር ያሉ አትክልተኞች ቡቃያውን በማቀዝቀዣ ቤት የሚያሳድጉት ይህን ፈርተው ነው። አምቦ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የሐምሌና የነሐሴ ደመናዋ ያንን የማቀዝቀዣ ቤት በነፃ ይሰጣል። ቡቃያው የሕፃንነቱን ዘመን በክረምት ብርድ ያሳልፋል፤ ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ወደ መደብ ይወጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብራ ፀሓይ አግኝቶ ግንዱን ይስባል፤ ሠርግ በሚበዛበት ወራት ያብባል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የዘር ጊዜ ለውጭ አገር ሰው የተጻፈ ነው፤ የእኛ የዘር ጊዜ ከጤፍ ጋራ ነው።

ይህ ማለት ግን በምዕራብ ሸዋ ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሆለታ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ምትገኝ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በዚያ የሚኖር ሰው መደቡን ማታ ማታ በላስቲክ ወይም በሣር መሸፈን አለበት። በጊንጪ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር፣ በአካባቢው ቋንቋ ኮቲቻ የሚባለው፣ በክረምት ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል፤ ችግኝ ከተዛወረበት ሥሩ ይበሰብሳል። መፍትሔው በጊንጪ የምርምር ማሳ ላይ ለስንዴና ለሌላው ሰብል ሲሞከር የቆየው ነው፤ መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃው በቦዩ እንዲወርድ ማድረግ። ወደ ባኮ የወረደ ሰው ግን አገሩ 1,650 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያለውና ሞቃት ስለ ሆነ በሊዚያንተስ ባይደክም እንመክረዋለን። ባኮ የበርበሬና የበቆሎ አገር ናት፤ ለእርሷ የሚስማማ ሌላ አበባ ሞልቷል።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህን ያህል ከመድከም ከሆለታ ጽጌረዳ ገዝቶ ማምጣት አይቀልም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ይቀላል። አበባ ለውጭ ገበያ ማምረት በአገራችን የተጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት እርሻዎች ነው፤ በኋላም የግል ኩባንያዎች ገቡበት፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሆለታ መንገድ ዳር የሚታዩት የላስቲክ ቤቶች ተስፋፉ፤ ኢትዮጵያም በአበባ ንግድ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ሆነች። ነገር ግን የጽጌረዳ ተክል የሚባዛው በቁራጭና በማዳቀል ነው እንጂ በዘር አይደለም፤ ለዝርያው ባለቤትም ክፍያ ይከፈልበታል፤ አበባውም ሌሊት ተጭኖ በአውሮፕላን ይሄዳል። አንድ ተማሪ በኪራይ ቤቱ መስኮት ላይ ሊሠራው የሚችል ሥራ አይደለም። በሣጥን የሚዘራው አበባ ግን ከላስቲክ ቤት የተረፈ ሥራ ነው፤ ካፒታሉም ትዕግሥት ነው። በአምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ሆለታ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቹ አንዱ ነበረ። እነዚህን በመሰሉ ተቋማት አጠገብ እየኖርን በምርቃት ቀን የፕላስቲክ አበባ ታቅፈን ፎቶግራፍ መነሣታችን ትንሽ ያሳፍራል። (ለምርቃት ብላችሁ ሊዚያንተስን በጥር እንዳትዘሩ ግን እናስጠነቅቃለን፤ ቡቃያው የየካቲትንና የመጋቢትን ሙቀት አይችልም።)

ለመሆኑ ደቃቅ ዘር አፍልቶ ማሳደግ ለዚህ መንገድ እንግዳ ነገር ነውን? ዳግማዊ ምኒልክ ማገዶ ከአዲስ አበባ ስላለቀባቸው ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ተሠርቶ ነበር። አሳቡን ያስቀረው በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ሁሉ ደቃቁን የባሕር ዛፍ ዘር በመደብ ላይ ዘርቶ፣ ሣር ከድኖ፣ ዳስ ሠርቶ፣ ጥላውን ቀስ በቀስ እያነሣ ችግኙን ማጠንከርን ያውቃል። ጎረቤታችን ስለ ሊዚያንተስ ምንም ሳያነቡ ስሕተታችንን በአንድ እይታ ያወቁት ስለዚህ ነው። እኛ ግን በስልካችን ላይ ከውጭ አገር ሰዎች ምክር ስንፈልግ ሁለት ሳምንት አባክነናል።

ሊዚያንተስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዚያው ነሐሴ ሌሎች ሁለት ዓይነት ዘሮችንም በሁለተኛ ሣጥን ዘርተን ነበር። ስታቲስ የሚባለው ሐምራዊና ነጭ የሆነ፣ ደርቆም መልኩን የማይለቅ አበባ ነው፤ ዘሩ ትልቅ ስለ ሆነ በስሱ ይሸፈናል፤ ከበቀለ በኋላ ረጅም ጊዜ መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ከሊዚያንተስ ግን ይፈጥናል። ስናፕድራገን ደቃቅ ነው፤ አይሸፈንም፤ አራትና አምስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቢቀነጥሱት ቅርንጫፍ ያበዛል። ላርክስፐርንም ሞክረን አልሆነልንም፤ እርሱ ከእነዚህ ሁሉ በተቃራኒው ጨለማና ብርድ የሚፈልግ፣ መዛወርንም የሚጠላ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዘሩን አስቀድመን ሁለት ሳምንት በማቀዝቀዣ አኑረን መደቡ ላይ በቀጥታ እንዘራዋለን።

ነሐሴ 12 የተዘራው ሊዚያንተስ ነሐሴ 25 ቀን በቀለ። ከ60ው 41 ወጣ። ጳጉሜ አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ በከተማው ዙሪያ ያለው ኮረብታ ሁሉ አደይ አበባ ለበሰ። አደይ አበባ ማንም አይዘራውም፤ ዘሩ ከረገፈበት ጊዜ ጀምሮ በጋውን ሁሉ በደረቅ አፈር ላይ ተኝቶ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል፤ እኛም በየዓመቱ ስናየው በአንድ ሌሊት የበቀለ ይመስለናል። በሣጥናችን ውስጥ ያለው ግን ያን ጊዜ ገና የሽልንግ ስፋት አልሞላም ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 33ቱን ችግኝ ከነአፈሩ፣ ሥሩ ሳይነካ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተከልን። የቀሩትን ስምንቱን የበላቸው የጎረቤት ዶሮ ነው። በኅዳር ግንድ አወጣ፤ በታኅሣሥ ጉልበት ደረሰ፤ ነፋስ እንዳይጥለው በአራት ማዕዘን ችካል ሲባጎ ወጠርንበት። በጥር መጀመሪያ እንቡጥ ያዘ። እንቡጡ አረንጓዴ ነበር፤ ጠባብና የተጠመዘዘ። በየጧቱ እየሄድን አየነው። ጥምቀት መጣ፤ እንቡጡ አረንጓዴ ነው።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ለእኅታችን እውነቱን ነገርናት። ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «ስንት ቀን ቀረው?» አለች። ሁለት ሳምንት አልናት። «እንግዲህ ሠርጉን አላዘገይልህ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ሙሉ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የዋለው ስታቲስና ስናፕድራገን ነው፤ ከሰላሳ ጠረጴዛ ለአሥራ አንዱ በቃ፤ ለቀሩት የፕላስቲኩ ተከራየ። ከእንግዶቹ አንድ ሁለቱ የእኛን አበባ እየነኩ፣ ይህ ደግሞ እውነተኛ ነው ወይ ሲሉ ሰምተናል።

ሊዚያንተሱ የካቲት 6 ቀን መፈንዳት ጀመረ። መጀመሪያ ነጩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሐምራዊው። አቆራረጡም ወግ አለው፤ በአንዱ ግንድ ላይ አንድ ወይም ሁለት አበባ ሲፈነዳ፣ ጧት ፀሓይ ሳይበረታ፣ በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል፤ ውሃ የሚነካው ቅጠል ይራገፋል፤ ውሃውም በየሁለት ቀኑ ይለወጣል። እኅታችንና ባለቤቷ በዚያው ሳምንት ለምሳ መጥተው 20 ዘንግ ቆርጠን ሰጠናቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንደ ቆየላቸው በስልክ ነገረችን፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፕላስቲኩ አላነሣችብንም።

የቀሩትን ግንዶች ጎረቤታችን አታስቆርጡ ብለው ስለ ለመኑን በመደቡ ላይ ተውናቸው። ንቦቹ ሲመላለሱባቸው ሰነበቱ፤ ሚያዝያ ላይ ቋታቸው ደርቆ ተሰነጠቀ። ዘሩ የተዳቀለ በመሆኑ ከእርሱ የሚለቀመው ዘር እናቱን እንደማይመስል፣ ልክ የባኮውን ቢ.ኤች. 660 በቆሎ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ የሚገዛው ስለዚሁ መሆኑን አስረዳናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ቋቶቹን በነጠላቸው ጫፍ ላይ አራግፈው ያችን ቡናማ ብናኝ ቋጠሯት። ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ በባሕር ዛፋቸው መደብ ጫፍ ላይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ደልድለው ዘሩት፤ አልሸፈኑትም። ዘንድሮ በጥር አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱም መልኩ ያልለየለት ሆኖ ፈነዳ፤ ከሽንኩርት ችግኙ ጎን እያሰሩ ሸጡት። የእኛ ፓኬት ስላለቀ ለዘንድሮው ክረምት የሚሆነንን ዘር ከእርሳቸው ነጠላ ጫፍ ለምነን ወስደናል።